ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የሕብረተሰብ ጤና ሰዎች ግቡ፦ ማስተርስ፣ ስኮላርሺፕ፣ አጭር ሥልጠና

ቃሉ ጤና መኮንን (ውይይቱን የጀመረች)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ነኝ። ሰሞኑን ደሴ ወጥቼ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ አየሁት። ወረቀት በወረቀት ላይ ተደራርቦበታል። የድኅረ ምረቃ ጥሪ አለ፣ መረጃ ሰብሳቢ እንፈልጋለን የሚል አለ፣ የውጭ ስኮላርሺፕ አለ፣ የሦስት ወር ሥልጠና የሚልም አለ። ግማሹ ቀኑ አልፎበታል፣ የሚያነሳው የለም። ፎቶ አንስቼው መጣሁና ቤት ቁጭ ብዬ ሳነበው ይብስ ግራ ገባኝ።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ይሻላል፣ ሥነ ምግብ ወይስ ሥነ ተዋልዶ? ስፖንሰር እስካገኝ ልጠብቅ ወይስ በራሴ ከፍዬ ቅዳሜና እሁድ ልማር? ደግሞ አንድ ሰው በቴሌግራም ስኮላርሺፕ እሞላልሻለሁ፣ ግማሹን ብር ቀድመሽ ላኪ እያለኝ ነው። ልላክለት?

አረብ ገንዳ

ከመጨረሻው ልጀምር። እንዳትልኪለት! የጀርመኑ ዲኤኤዲም ሆነ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የማመልከቻ ብር አይጠይቁም። ሰውዬው የሚሞላልሽ ስምሽንና የትውልድ ቀንሽን ነው። ዋናውን፣ ማለትም ምን ሠርተሽ ለምን መማር እንደፈለግሽ የሚጠይቀውን ጽሑፍ፣ ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ቢጽፍልሽም ለሌላው የጻፈውን ገልብጦ ነው።

ሁለቱም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ። ቼቭኒንግ በሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ 2,800 ሰዓት። ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆኖ ላደረ ሰው ይሄ ምን አላት። ነሐሴ ላይ ተከፍቶ መስከረም ማለቂያ ግድም ይዘጋል። ትምህርቱ አንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት አለብሽ። ዲኤኤዲ ደግሞ ለልማት ነክ ትምህርቶች በሚሰጠው ዕድል የመጨረሻ ዲግሪሽን ከያዝሽ ከስድስት ዓመት በላይ ካለፈሽ አይቀበልሽም። ሰው የሚዘነጋው ይህችን ነው። ስፖንሰር ስጠብቅ፣ ስጠብቅ እያለ ዓመቱ ያልፍበታል።

ብዙ የማይወራላት ሌላም አለች። ዓለም ጤና ድርጅት ጋ ያለው ቲዲአር የሚባለው ፕሮግራም በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ሙሉ ወጪ ችሎ ሲያስተምር ኖሯል፣ ጆሃንስበርግ ዊትስ ዩኒቨርሲቲና ጋና ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩት ውስጥ ነበሩ። ድሃውን የሚያጠቁ ተላላፊ በሽታዎች ላይ የሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። ወባና ቲቢ ላይ የምትውዪ ከሆነ አንቺን ነው ማለት ነው።

ሐረጎ ቁልቁል

እኔ የቅዳሜና እሁዱን ነው የምማረው፣ ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፍል መግባቱ አያስቸግርም። መንገዱም አያስቸግርም፣ ክረምት ላይ የሐረጎ ቁልቁለት ጉም ሲለብስ ሚኒባሱ ፊት ለፊቱን ሳያይ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ዱዓና ጸሎቱን ያደርሳል እንጂ። የሚገለው ቴሲሱ፣ የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፣ ቅዳሜ እሁድ ክፍል፣ ቴሲሱ መቼ ይሠራ? ከእኛ ጋር የጀመረ ሰው ኮርሱን ጨርሶ ጥናቱ ላይ ቆሞ የቀረ አለ። ትምህርት አቅቶት አይደለም። አማካሪው የሚገኝበት ሰዓትና እሱ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስላልገጠመለት ነው።

ደግሞ ክፍያውን ከደመወዝሽ ጋር አስተያዪው። የቤት ኪራይ የምትከፍዪ ከሆነ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው። እኔ አልጸጸትም፣ ግን ቀላል ነው የሚልሽን አትመኚ።

ሰኞ ገበያ

ስፖንሰሩን ጠብቂ ባይ ነኝ። ደመወዝሽ እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ፣ ስትመለሺ በውሉ መሠረት የተወሰነ ዓመት ታገለግያለሽ፣ አለቀ። ለሴት ተወዳዳሪም አብዛኛው ቦታ ድጋፍ ነጥብ አለ።

ሐረጎ ቁልቁል

@ሰኞ ገበያ ጠብቂ ማለት ቀላል ነው። እኔም ጠብቄ ነበር። የውድድሩ ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ እኛ ጋ የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ማን አለፈ ሲባል መሳቢያው አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ! ይሄን ጉድ ለማን ትነግሪዋለሽ።

ሰኞ ገበያ

ይሄ ሁሉም ቦታ አይደለም ወንድሜ። ግን አልክድህም፣ አለ።

የዞን ሰው

በሽታ ቅኝት ላይ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ አድሎ አለብኝ፣ ቀድሜ ተናገርኩ። ሰሌዳው ላይ ያየሽው የሦስት ወሩ ሥልጠና ፍሮንትላይን የሚሉት ከሆነ ከሁሉም በፊት እሱን ያዢ። የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የመጀመሪያው እርከን ነው። ሦስት ወር ሲባል ሦስት ወር ክፍል ትቀመጫለሽ ማለት አይደለም። አጫጭር የክፍል ጊዜ አለ፣ በመሃል ሥራ ቦታሽ ተመልሰሽ የራስሽን ጤና ጣቢያ መረጃ ትሠሪበታለሽ። የሪፖርት ጥራት ታያለሽ፣ የሳምንቱን መረጃ በግራፍ ታወጫለሽ፣ ወረርሽኝ ካለ ትመረምሪያለሽ።

ትልቁ ደግሞ የሁለት ዓመቱ ማስተርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ጀመረው፣ ኋላ ወደ ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሰፋ። ሐሳቡ የመጣው አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ካቋቋሙት የወረርሽኝ መርማሪዎች ሥልጠና ነው። ከጊዜው ሦስት አራተኛ ገደማ የምታሳልፊው መስክ ላይ ነው። ስትመረቂ አንድ ቴሲስ ብቻ አይደለም የሚኖርሽ። የወረርሽኝ ምርመራ፣ የቅኝት ሥርዓት ግምገማ፣ የወረዳ የጤና ገጽታ፣ የጥናት አኅጽሮት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጠርዞ ጡብ የሚያክል ጥራዝ ሆኖ ነው የሚወጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችሁም በየሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሁድ ያለውን ሪፖርት ትልካላችሁ አይደል? ምንም ባይኖር ዜሮ ብላችሁ ትልካላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ከላካችሁ በኋላ መልሳችሁ ያያችሁት? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500። በመሃል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። በአገራችን ወባ ድሮ ከ2,000 ሜትር በታች ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ሐረጎን የሚወርድና የሚወጣ ሰው በየቀኑ ያንን መስመር ያቋርጣል ማለት ነው። ደሴ የታከመ የወባ በሽተኛ ከየት አመጣው? እዚያው ተነከሰ ወይስ ቃሉ ወረዳ ወርዶ፣ ባቲ ሄዶ? መልሱ እናንተ መዝገብ ውስጥ ነው የተኛው። ይሄን ለማውጣት ማስተርስ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስታታ ፈሪ

ይቅርታ ሰው መሃል ገባሁ። ሒሳብ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ኤፒ (ኤፒዲሚዮሎጂ) ይገባል? ወላሂ ቁም ነገር ነው የምጠይቀው።

የዞን ሰው

አብሽር። ክፍልፋይ ታውቃለህ? ላይኛው ምንድን ነው፣ ታችኛው ምንድን ነው ማለት ከቻልክ ግማሹን ጨርሰሃል። ቀሪውን ኮምፒውተሩ ነው የሚሠራው። የሚያስቸግረው ታችኛውን ማግኘት ነው። ስንት ሰው ታመመ የሚለውን ሁሉም ይነግርሃል፣ ከስንት የሚለውን ግን የሚነግርህ የለም።

ገራዶ

ኤፒ ኤፒ ትላላችሁ፣ ወሎ ተቀምጦ ሥነ ምግብን ዝም ማለት ይከብዳል። የ1965 እና 66ቱን ረሃብ አያቶቻችን ናቸው ያዩት። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ደብቆት ነበር። መረጃ ጠፍቶ አይደለም፣ መረጃውን የሚያወጣው ሰው ጠፍቶ ነው። ዛሬ የሕፃን ክንድ የሚለካ ሰው በየቀበሌው አለ። የተለካውን ደምሮ «ይሄ ቀበሌ ከአምናው እየባሰበት ነው» የሚል ሰው ነው ያነሰው።

ለሥራም ቢሆን አይከፋም። የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለላችሁ፣ 2007 ላይ የታወጀው፣ የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 እናጠፋለን የሚለው። እሱን ተከትሎ ወረዳ ድረስ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይፈለጋል። እኔ ሥነ ምግብ ነው የተማርኩት። ቅር አላለኝም።

ማዶ ማዶ ነኝ

ሁላችሁም ተማሩ ተማሩ ትላላችሁ። ማስተርስ ይዞ እዚያው ካርድ ክፍል አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አውቃለሁ። ድሮ ማስተርሱን ይዘህ ድርጅት ትገባ ነበር። ጥር 2017 አሜሪካ እርዳታውን ስታቆም ስንቱ ፕሮጀክት ተዘጋ? ስንቱ ልጅ ላፕቶፑን አስረክቦ ወጣ? እና አሁን ማስተርሱ የት ሊያደርሳችሁ ነው?

ገራዶ

የት ያደርሳል ለሚለው መልስ የለኝም። ግን ከተቀነሱት ውስጥ ቶሎ ሥራ ሲያገኙ ያየሁት መረጃ መሥራት የሚችሉትን ነው። ወርክሾፕ ማዘጋጀት ብቻ የሚያውቀው ቤቱ ነው።

ማዶ ማዶ ነኝ

ይሄስ ልክ ነው።

መምህር ነኝ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሕብረተሰብ ጤና ነው የማስተምረው፣ የት እንደሆነ ይቅር።

ጠያቂዋ የጀመርሽው ከትምህርት ክፍሉ ስም ነው። እኔ ብሆን ከጥያቄ እጀምር ነበር። በየዓመቱ እኔ ጋ የሚመጣው የጥናት ርዕስ አንድ ዓይነት ነው፦ «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶቹ፣ በእንትን ከተማ»። ናሙናው 384፣ አሥር በመቶ ሲጨመርበት 422። ከዚያ ስታቲስቲክሱ ላይ ፒ ዋጋው (p-value) ከ0.25 ያነሰውን ምክንያት ሁሉ ሰብስቦ ወደ ትልቁ ሞዴል ማስገባት። ተማሪው ለምን 384 እንደሆነ ሲጠየቅ ጣራውን ያያል። ቁጥሩ የመጣው እኮ ስርጭቱን ስለማናውቀው 50 በመቶ ነው ብለን ስለምንነሳ ነው። የታወቀ ስርጭት እያለህ 50 ብለህ ከተነሳህ ያለፈውን ጥናት አላነበብክም ማለት ነው።

እዚህ አገር ተቀምጦ የሚጠየቅ ጥያቄ ጠፍቶ ነው? ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አላት፣ ቢራ አላት፣ ቆዳ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የጥጥ ብናኝና የማሽን ጩኸት ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ ሳንባና ጆሮው እንዴት ነው? ቦርከና ደሴን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻን ነክቶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። ውሃው በደንብ ተጠንቷል፣ በዚያ ውሃ ጎመን የሚያጠጣው ገበሬና ጎመኑን የሚበላው ሰው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ስንት ዓመት የሠራ ቤት ነው። ከደሴ ታክሲ ይዘሽ የምትደርሺበት ቦታ ነው እኮ። የዞኑ ሰው ያነሳው የወባ ጥያቄም ካነበብኳቸው ፕሮፖዛሎች ይበልጣል።

ጥያቄ ካለሽ አማካሪ ትመርጫለሽ። ከሌለሽ አማካሪው የራሱን የቆየ ርዕስ ይሰጥሻል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የሰው ሥራ ትሠሪያለሽ።

ቃሉ ጤና መኮንን

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። የፋብሪካ ሠራተኞች እኛ ጋ ይመጣሉ፣ ሳል ሳል ይላሉ፣ ሳል መድኃኒት እንሰጣቸዋለን፣ ይሄዳሉ። መዝገቡ ላይ የት እንደሚሠሩ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለም። እሱን ማየት ነበረብኝ ብዬ ነው አሁን የማስበው።

መረጃ ብሰበስብ ፈቃዱን ከማን ነው የማወጣው? ፋብሪካው እሺ ይላል?

መምህር ነኝ

መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ነው። ፕሮፖዛሉን ያያል፣ ደብዳቤ ይሰጣል። በዚያ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ለከተማው ጤና መምሪያና ለፋብሪካው ይጻፋል። ፋብሪካ የሚፈራው ስሙ እንዳይነሳ ነው። የድርጅት ስም እንደማይወጣ፣ የሠራተኛውም ስም እንደማይመዘገብ በጽሑፍ ስታሳይው ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል። እምቢ ቢል ሠራተኛው የሚኖርበት ሰፈር ሄደሽ መጠየቅ ይቻላል። እሱን ፕሮፖዛሉ ላይ ቀድመሽ ጻፊው፣ ኋላ ከሆነ እንደገና ኮሚቴ ያስገባሻል።

ተሁለደሬ ኤክስቴንሽን

እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። እናንተ ስለ ማስተርስ ታወራላችሁ፣ እኔ መረጃ ሰብሳቢ የሚለውን ማስታወቂያ ነው ልጠይቅ የፈለግኩት። እኛን ይወስዱናል? አበሉስ ይከፈላል ወይስ ነገ ነገ ነው?

ሐረጎ ቁልቁል

ቤት ለቤት ከሆነ እናንተን ይመርጣሉ እህቴ፣ ሰዉ ያውቃችኋላ። አንዳንዱ ጥናት ግን እዚያው የሚሠራ ሰው አይፈልግም፣ እናት ስለ አገልግሎቱ ስትጠየቅ አገልግሎቱን የሰጠቻት ሰው ፊት እውነቱን አትናገርም ብሎ። ደግሞ ትክክል ነው። ስለዚህ ከሌላ ቀበሌ ያቀያይራሉ። አበሉን በተመለከተ ሥልጠናው ቀን ላይ በወረቀት አስፈርሚ። ከጓደኛሽ ጋር ቢሆንም አስፈርሚ።

የዞን ሰው

አንድ ምክር ከእኔም። አሁን ጥናቱ የሚሰበሰበው በስልክ ነው፣ ኮቦ በሚሉት መተግበሪያ። እሱ ደግሞ መቼ እንደጀመርሽ፣ መቼ እንደጨረስሽ ሊመዘግብ ይችላል፣ የቆምሽበትንም ቦታ እንዲይዝ ተደርጎ ይጫናል። አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የአርባ ሰው መጠይቅ የሞላ ጎበዝ ከቀን አበሉ ጋር ሲባረር አይቻለሁ። ስለ ጎበዝነቱ አልተከራከረም።

ተሁለደሬ ኤክስቴንሽን

😂 የእኛ ሰው ነው ይሄማ። ለማንኛውም አመሰግናለሁ። ደረጃ 4 ላይ ነኝ፣ ኮቦውን በስልኬ አውርጄ ልለማመደው ነው። በነፃ ነው አይደል?

የዞን ሰው

በነፃ ነው። ኤፒ ኢንፎ የሚሉት የመረጃ መተንተኛም በነፃ ነው፣ አር (R) የሚሉትም በነፃ ነው። የተሰረቀ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ስታታና ኤስፒኤስኤስ፣ እየጫናችሁ ኮምፒውተራችሁን ቫይረስ ማስጨረስ ትታችሁ እነዚህን ልመዱ።

አይጠየፍ

ዘግይቼ ገባሁ። ጽሑፍ ማንበብ የምትፈልጉ፣ ሂናሪን ተጠቀሙ። ዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረው ነው፣ እንደኛ ያለ አገር ውስጥ ላለ ተቋም በነፃ ይከፈታል። የይለፍ ቃሉ በተቋም ስም ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ልጆች ለአንድ ጽሑፍ ሠላሳ ዶላር እያየ ተስፋ ሲቆርጡ አያለሁ።

ስታሳትሙም ኢሜይል የሚልክላችሁን መጽሔት ሁሉ አትመኑ። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጽፍላችሁ፣ እናንተ ገና ዲግሪ ያላችሁ ሆናችሁ ሳለ፣ ብራችሁን ነው የፈለገው። ደህና አሳታሚዎች ከደሃ አገር ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ይተዋሉ፣ ግን ጽሑፉን በምታስገቡበት ጊዜ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ከተቀበሉ በኋላ ብትጠይቁ እሺ አይሉም።

አረብ ገንዳ

የዶክመንቱን ነገር ማንም አላነሳው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የወጪ መጋራት ክሊራንስ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት። ጥሪ ሲወጣ ሁለት ሳምንት ነው የሚሰጡሽ፣ ትራንስክሪፕቱ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። 2014 ላይ ከተማው ሲያዝ ወረቀቱ ቤቱ ውስጥ የቀረበት፣ ተመልሶ ሲመጣ ያጣው ስንት ሰው አለ። ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት። ሪከመንዴሽን የሚጽፍልሽንም ሰው ዛሬ አናግሪው፣ ከዴድላይኑ ማታ አይደለም።

ስታታ ፈሪ

ጋት የሚሉት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ላይ ግን ምንድን ነው የሚመጣው? ትምህርት ሚኒስቴር ነው የሚያወጣው ይላሉ።

ሐረጎ ቁልቁል

አዎ፣ አገር አቀፍ ነው፣ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። እሱን ሳታልፍ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ አይመዘግብህም። የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ነው። ስለ ወባ የሚጠይቅህ የለም። ስለዚህ የሙያ መጽሐፍ ስታገላብጥ አትክረም፣ ሰዓት ይዘህ ጥያቄ መሥራት ተለማመድ። ሰው የሚወድቀው አያውቅም ተብሎ አይደለም፣ ሰዓት ያልቅበታል። ምዝገባው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው፣ የሚኒስቴሩን ገጽ ራስህ ተከታተል፣ ፎርዋርድ የተደረገ ስክሪንሾት ላይ ቀኑ ተቆርጦ ይቀራል።

ቃሉ ጤና መኮንን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ያለውን ሰውዬ ብሎክ አድርጌዋለሁ። ለፍሮንትላይኑ ነገ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እጠይቃለሁ። ጋቱንም እመዘገባለሁ፣ ካለፍኩ ስፖንሰር መጣም ቀረም ያኔ እወስናለሁ። ኤፒ ይሁን ሥነ ምግብ አሁንም አልቆረጥኩም፣ ገራዶ አትቀየመኝ፣ ግን የፋብሪካ ሠራተኞቹ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል።

@የዞን ሰው ወረዳው ማንን ነው የሚልከው? ቅኝት ላይ የተመደበውን ብቻ ነው?

የዞን ሰው

ቅድሚያ ለእሱ ነው። ግን ጤና ጣቢያ ላይ የቅኝት ተጠሪ ሆነሽ ሪፖርቱን የምትልኪው አንቺ ከሆንሽ ትገቢያለሽ። ካልሆንሽ ኃላፊሽን ተጠሪ አድርገኝ በይው፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው ሥራ ስለሆነ ደስ ብሎት ነው የሚሰጥሽ። ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የጤና ጣቢያሽን የዓመቱን የወባ ሪፖርት በሳምንት በሳምንት ከፍለሽ በግራፍ ይዘሽላቸው ሂጂ።

ገራዶ

አልቀየምም 🙂 የፋብሪካ ሠራተኛ ምሳውን ምን እንደሚበላ ስታጠኚ ትመጫለሽ እኛ ጋ።

ቃሉ ጤና መኮንን

ኮምቦልቻ ሆኖ ለጋት የሚዘጋጅ ሌላ ሰው አለ? ብቻዬን ሒሳብ መሥራት አልወድም።

ስታታ ፈሪ

እኔ አለሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። ሒሳቡን አንቺ ያዢው፣ እንግሊዝኛውን ለእኔ ተዪው።